የወንዝ ዳር መንገድ አዋሳኙ ማነው?

መንገድ ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ፣ በመሐንዲስ ልኬትና በግሬደር ጉልበት የተሠራ ለሚመስለው የከተማ ሰው፣ በገጠር ሸለቆ ውስጥ ወንዝ እየተከተለ የሚወርደውን ቀጭን የእግር መንገድ ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል፤ የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠለት ባለሥልጣን፣ ሪባን የቆረጠለት የክብር እንግዳ የለውምና። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት፣ ከብቱን ሊያጠጣ የነዳ እረኛ፣ ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የገሰገሰ ቄስ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ለገበያ የወጣ ገበሬ፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን ሳያማክሩ እግራቸውን ባሳረፉበት ስፍራ ሣሩ እየሳሳ፣ አፈሩ እየጠነከረ፣ የድንጋዩም ፊት እየለሰለሰ ሄዶ ከዘመን ብዛት የተነሣ መንገድ ሆኖ ቀረ።

ስለ ትልቁ መንገድ በየጋዜጣው ብዙ ይጻፋል፤ ይጻፍም። ጥርጊያ መንገድ ከገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትጉላላ ማየት እየቀረ፣ መምህሩም መድኃኒቱም በጊዜው እየደረሰ ነውና በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው። ለትልቁ መንገድ በጀትና ባለቤት ስናበጅለት፣ ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ዛሬም አብዛኛው የአገራችን ሰው ውሎ የሚገባበት የእግር መንገድ ግን ባለቤት የሌለው፣ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ፣ ስለዚህም ማንም በሞፈሩ ጫፍ ሊገፋው የሚችል ሆኖ መቅረቱ ነው የሚያሳስበኝ። ከእግር መንገዶችም ሁሉ ይልቅ ለዚህ ዕጣ የተጋለጠው የወንዝ ዳሩ ነው፤ በአንድ ወገን ማሳው፣ በሌላው ወገን ውሃው ይዞታልና ሲገፉት ዞር የሚልበት ስፍራ የለውም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የማደርገው ብዙ አንባቢ በስሙ የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ጥቂት ሰው ልብ ብሎ የተራመደበትን መንገድ ነው፤ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከጢስ ዓባይ ከተማ ተነሥቶ፣ ወደ አላታ ድልድይ ወርዶ፣ ማዶ ያለችውን መንደር አቋርጦ ወደ ፏፏቴው የሚመልሰውን ማለቴ ነው። ወደዚህ የሚመጣው እንግዳ ሐሳቡ ፏፏቴው ላይ ስለሆነ፣ መንገዱን እንደ ቤት መተላለፊያ ቆጥሮ በጥድፊያ ያልፈዋል፤ ደርሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በመጣበት ፍጥነት ይመለሳል። ከርሞም ስለ ጢስ ዓባይ ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ውሃው ብዛት ወይም ስለ ውሃው ማነስ ብቻ ነው። እኔ ግን መንገዱ ከፏፏቴው አያንስም ባይ ነኝ፤ ቢዘገይም እስከ መጨረሻው ይህን አስረዳለሁ።

መንገዱ ከከተማዋ የመጨረሻ ቤቶች ሲለይ በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ ቁልቁል ይሆናል። ቁልቁለቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በክረምት የሚያዳልጥ፣ በበጋ የሚያቃጥል፤ የበቅሎና የአህያ ኮቴ ያለሰለሰው ድንጋይ ግን ከሩቅ ይታወቃል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃልና። የአገሩ ሰው የሚረግጠው እርሱን መርጦ ነው፤ እንግዳ በተቃራኒው ሻካራውን ያምናል፤ ሻካራው ደግሞ እየተንከባለለ ያሳፍረዋል። ሸለቆው እየጠበበ በሄደ ቁጥር የውሃው ድምፅ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከእግር በታች የሚመጣ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶም ድልድዩ ይታያል።

ድልድዩን አንዳንዱ ለአጼ ሱስንዮስ፣ ሌላው ለልጃቸው ለአጼ ፋሲል ዘመን ይሰጠዋል፤ የአገሬው ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ የ17ኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑ ግን ያስማማል። በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ቅስቶቹ እኩል ያልሆኑ፣ ጠርዙም ለዛሬ ሰው ልማድ ዝቅ ያለ ነው። ኖራው ከእንቁላል ጋር ተለውሶ ነው የሚለውን ወሬ እዚያው ያለ ሕፃን ሁሉ ይነግርዎታል፤ ስለ ጎንደር ግንቦችም ይህንኑ ሲናገሩ እንሰማለን፤ ያን ሁሉ እንቁላል የጣለው ዶሮ የት ይረባ እንደ ነበር ግን የነገረኝ የለም። ከድልድዩ ሥር ዓባይ፣ ያ ከላይ በሰፊው ተንጣሎ ሲፈስ የነበረው ታላቅ ወንዝ፣ በጥቁር ዓለት መካከል ተጨምቆ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። ሠሪዎቹ ይህን ስፍራ የመረጡበት ምክንያት አንክሮ አያሻውም፤ ወንዙ ራሱ ቦታውን አሳይቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዘመናት ነገሥታት ተፈራርቀው፣ ሃይማኖት ተነሥቶ ወድቆ፣ ጦር መጥቶ ሄዶ፣ ድልድዩ ግን ጎጃምንና በጌምድርን ለሚያመላልስ እግረኛ ያለ ቀረጥ ሲያገለግል ኖሯል።

ድልድይና የእግር መንገድ አንዱ ያለ ሌላው ምንኛ ከንቱ እንደ ሆነ ለማየት የሚፈልግ፣ ከዚህ ወደ ታች በሞጣ በኩል ወዳለው ሌላ የዚያው ዘመን ድልድይ ይመልከት። ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስም ካገኘ በኋላ፣ መንገዱ በሁለቱም ወገን ሳይጠፋ፣ ሰው በገመድ ታስሮ ከዚህ ጠርዝ ወደዚያ ጠርዝ እየተጎተተ ይሻገር ነበር፤ በ1994 ዓ.ም ከውጭ አገር በመጡ በጎ አድራጊዎች እርዳታ ተጠግኖ፣ ኋላም ተንጠልጣይ የኬብል ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ድልድዩ ሲሰበር መንገዱ አልሞተም፤ ሕዝቡ በሕይወቱ እየተወራረደም ቢሆን አቆይቶታል። መንገዱ ቢታረስና ቢጠፋ ግን ድልድዩ ያለ አገልግሎት የሚቆም የድንጋይ ክምር በሆነ ነበር።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ሲወጡ መንደሪቱ ትገኛለች። በመንደር ደንብ የተሰለፈች አይደለችም፤ ቤቶቿ በየማሳው መካከል ተበታትነው፣ እያንዳንዱ በሾላ ወይም በብሳና ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ካብ ተከልሎ ይታያል። ወደዚህች መንደር በእግሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የሰላምታውን ርዝመት ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሰላምታው አንድ እጅ ማንሣት ነው፤ በእግር የሚያልፍ ግን እንዴት ዋላችሁ ተብሎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ፣ የቤተ ሰብ፣ የከብትና የአዝመራ ደኅንነት ተጠይቆ፣ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ ለሚለው መልስ ሰጥቶ፣ ጥቂት አረፍ በል፣ ውሃ ቅመስ የሚለውን ግብዣ ወይ ተቀብሎ ወይ በክብር ይቅርታ ጠይቆ ነው። ርቀትን ሲጠይቁም መልሱ በኪሎ ሜትር አይመጣም። ገበሬው አገጩን ወደ ማዶ ቀና አድርጎ፣ ቅርብ ነው፣ ይችትና ናት ይላል፤ ያች ይችትና ከሰዓት በኋላውን ልትበላ ትችላለች። ይህን ውሸት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የርኅራኄ ንግግር ነው እላለሁ፤ ለደከመ ሰው ሩቅ ነው ብሎ ጉልበቱን መስበር በዚያ አገር ነውር ነውና።

ልጆቹ በእርግጥ ይከተላሉ፤ ዋሽንት፣ ነጠላ፣ የቅል ዕቃ ይዘው ግዛ ይላሉ። ስለዚህ ነገር የሚያማርሩ ጎብኚዎች ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁና እኔ አልጨምርበትም፤ በራሳቸው ደጅ የሚያልፈውን ሀብታም መንገደኛ በዝምታ አሳልፈው እንዲሸኙ ከእነርሱ መጠበቅ ፍትሕ አይመስለኝም። ይልቅስ ዓይኔን የሳበው ሌላ ነገር ነው። ውሃ ቀጂዎቹ ዛሬ እንስራ አይዙም፤ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ነው የሚወጡት። ወደ ወንዙ የሚወርዱበት ቦታ ግን የእናቶቻቸው ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለው የእግር ማሳረፊያ ከጀሪካኑ ብቻ ሳይሆን ከፕላስቲክ ዘመን ሁሉ የቀደመ ነው። ከድንጋዩ እርከን አንዱ በመካከሉ እንደ ሳሕን ጎድጉዶ አየሁት፤ ከዝናብ የተረፈ ውሃ ቆሞበት ወፍ ይጠጣበት ነበር።

በዚህ አካባቢ ያለፉ የባሕር ማዶ ሰዎች በዝተዋል፤ የእግር መንገድ ምስክርነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእነርሱ ክርክር መረዳት ይቻላል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ዓመት እዚህ ደርሶ፣ ከፏፏቴው በስተጀርባ፣ በዓለቱና በሚወርደው ውሃ መካከል ገብቶ መቀመጡን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ቦታውን ተመልክቶ ይህ ፈጽሞ የማይሆን ነው ሲል አስተባበለ። ሎቦ ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎት ነበርና ሊመልስለት አልቻለም። ማን እውነቱን እንደ ተናገረ እዚህ ልፈርድ አልፈልግም፤ ውሃው በክረምትና በበጋ አንድ እንዳልሆነ፣ ስፍራውም በእያንዳንዱ ወራት የተለየ ፊት እንደሚያሳይ ግን መንገዱን በልዩ ልዩ ወቅት የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን በበኩሉ ዓባይን ከጣና ጀምሮ እየተከተለ፣ በበቅሎና በእግር ተመላልሶ ካርታውን አወጣ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። የእርሱን ሥራ ከሌሎቹ የማስበልጠው በዚህ ነው፤ ወንዙን ለማየት ሳይሆን አብሮት ለመሄድ መጣ።

ስለ ፏፏቴው ራሱ በአጭሩ ልናገር። ከ40 ሜትር በላይ ወርዶ፣ በክረምት መጨረሻ ጢሱ ከሩቅ የሚታየው ያ ግርማ ሞገስ፣ በበጋ ወራት ከተለያዩ ዥረቶች ያለፈ ነገር ሳይሆን ይገኛል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። በ1956 ዓ.ም የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ተጨመረ፤ ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ የውሃውን አፈሳሰስ ይቆጣጠራል፤ በ2002 ዓ.ም ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ትልቁ ክፍል በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ ዞረ። ለመብራት ሲባል ጢሱን መሠዋት ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኔም በመብራት ብርሃን ተቀምጬ ይህን እየጻፍሁ ተቃዋሚ ልሁን ብል ያስቅብኛል። ነገር ግን ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይወጣል፤ ጎብኚው በጥር መጥቶ ፏፏቴ የለም ብሎ ሲያዝን፣ መንገዱ ግን አለ፤ ድልድዩ፣ መንደሪቱ፣ ጦጣዎቹ፣ ከበታች ያለው ገደል፣ ሁሉም አለ። በውሃው ላይ የሚወስነው በሩቅ ያለ መሐንዲስ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚወስነው እዚያው ያለው ሰው ነው።

እዚያ ያለውም ሰው በእውነት እየወሰነበት ነው። የጫትና የአትክልት ተክል በመስኖ ወደ ወንዙ ጠርዝ ወርዷል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ዳር ላይ ቆሞ፣ ቱቦው መንገዱን አቋርጦ ይጋደማል፤ እግረኛ አንድ ጊዜ በላዩ፣ አንድ ጊዜ በሥሩ እያለፈ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ሲተከል ደግሞ እሾሃማ አጥር ይከተለዋል፤ አጥር ሲኖር መንገዱ ወደ ውሃው ይገፋል፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ የራሱን ይወስዳል። የቀረው በአንድ እግር የሚሄዱበት ጠርዝ ነው፤ ጭነት የያዘች አህያ አትደፍረውም።

በኦሪት የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋ ሰው ርጉም መሆኑ ተጽፏል፤ የአገራችንም ገበሬ ይህን ርግማን ከልቡ ይፈራዋል፤ ድንበር ገፊ መባልን ከሌባነት አሳንሶ አያየውም። መንገድ ሲሆን ግን ያው ገበሬ ያለ ኅሊና ወቀሳ በየዓመቱ አንድ ትልም ይጨምራል። ባልንጀራ የሌለበት ድንበር ስለ ሆነ ይመስለኛል። መንገድ ዳኛ ፊት ቀርቦ አይከስስም፤ ሽማግሌም አይልክም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህን ግፍ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ሳያስበው ማጽናቱ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው ደብተር ታላቅ በጎነት ያለው መሆኑን አልክድም፤ ስንቱን የወሰን ጠብ አብርዷል፤ ስንቷን መበለት ከመሬቷ ከመነቀል አድኗል። ይሁንና የማሳ አዋሳኝ በአራቱ ማዕዘን ሲጻፍ፣ በሰሜን እገሌ፣ በምሥራቅ እገሊት ተብሎ፣ በወንዙ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ወንዝ ተብሎ ብቻ ይዘጋል። በማሳውና በወንዙ መካከል የነበረው መንገድ በዚህች አንዲት ቃል ይሻራል፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው እስከ ውሃው ጫፍ ቢያርስ ወረቀቱ ከእርሱ ጋር ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት ማየት ክፉ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የመሬት ባለጸጎች ተራራና ሸለቆውን አጥረው እግረኛን በጠባቂ ያባርሩ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በመቶ የሚቆጠሩ የፋብሪካ ወጣቶች ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ከፍታ ተሰባስበው በግድ ወጡ፤ ጥቂቶቹ ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ግን ፓርላማው የእግር መንገዶች ሁሉ በየአውራጃው በካርታ ተመዝግበው እንዲጠበቁ ሕግ አወጣ። ዛሬ በዚያ አገር በማሳ መካከል የሚያልፍ የተመዘገበ መንገድ ያረሰ ገበሬ በጊዜው መልሶ እንዲያበጀው ይገደዳል፤ በማሳ ዳር የሚያልፈውን ግን ጨርሶ ማረስ ክልክል ነው። እኛም ዘንድ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ መሬት ለሌላው ጥቅም ሲባል አገልግሎት ሊጫንበት እንደሚችል ደንግጓል፤ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንደ እንግሊዝ ሠራተኛ በግድ መውጣት አያስፈልገንም፤ የእኛን እግረኛ እስከ ዛሬ ጠባቂ አቁሞ ያባረረው የለምና። የሚያስፈልገው በደብተሩ ላይ፣ ከወንዝ ከሚለው ቃል በፊት፣ መንገድ የምትል አንዲት ቃል ናት።

አንዳንዶች ይህን ስናገር መንገዱ በሲሚንቶ ይነጠፍ፣ የብረት መደገፊያ ይደረግለት፣ መግቢያው ላይ ቲኬት ይቆረጥ ሲሉ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያውጣን! ውሃ የምትቀዳ ሴት ቲኬት ልትቆርጥ ነውን? የኮቴ ድንጋይ ሲሚንቶ አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመታረስን ብቻ ነው።

ይህን አሳቤን ከድልድዩ በላይ ማሳ ላላቸው አንድ ሽማግሌ አዋይቻቸው ነበር። በሬዎቻቸውን ፈትተው በጥላ ሥር አርፈው ነበር።

«አባባ፣ ይህ መንገድ ድሮ ከዚህ አይሰፋም ነበር?» አልኋቸው።

«እንዴት አይሰፋ! ሁለት አህያ ከነጭነቱ ጎን ለጎን ያልፍበት ነበር።»

«ታዲያ ማን አጠበበው?»

ሳቅ አሉና በጅራፋቸው ጫፍ የገዛ ትልማቸውን አሳዩኝ። «እኔ ነኛ! እኔና ያ የላዩ ጎረቤቴ። ልጅ ሲበዛ መሬቱ አብሮ መቼ ይሰፋል፤ ልጄ?»

ለመንገዱ ሁለት እርምጃ ስፋት ቢለቁ ምን ይመስላቸው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አስበው፣ «የለቀቅሁትን ያህል ከግብሩ ይቀንሱልኛል ወይ?» ሲሉ መለሱልኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ሊቀነስላቸውም ይገባል፤ ሕዝብ የሚሄድበትን መሬት ግብር አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ከዚያም ጨመሩ፦

«ደግሞስ እኔ ብቻዬን ብለቅ ምን ዋጋ አለው? መንገደኛው እኔ ማሳ ጫፍ ድረስ መጥቶ የጎረቤቴ አጥር ሥር ይቆማላ። ሁላችን በአንድ ቀን እንለቅ፤ ያን ጊዜ እኔም አለሁ።»

እንግዲህ የወረዳው የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ለቀጣዩ ልኬት ወደዚያ ሲወርዱ፣ ከፏፏቴው እስከ ድልድዩ ያለውን ዳር ማሳ በማሳ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይለኩት፤ ሽማግሌው ከነጎረቤታቸው ባሉበት።